ሊቀ ደብዳቤ ከነበርጩማቸው

በዚህ አገር አንድ መሥሪያ ቤት ሲከፈት መጀመሪያ የሚሟሉለት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ማኅተም፣ ጥበቃ እና ደጃፉ ላይ የሚቀመጥ አንድ ባለጉዳይ። ማኅተሙ ይጠፋል፣ ጥበቃው ይቀየራል፣ ባለጉዳዩ ግን ንቅንቅ አይልም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ክላሰሩን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ፌስታሉን ቦርሳ ውስጥ ከትቶ፣ ቦርሳውን በካፖርቱ ሸፍኖ የሚመጣው ሰውዬ ነው። ለራሱ ጉዳይ የመጣ ቢሆን ኖሮ እንደ ማንኛችንም ተናዶ፣ ተሳድቦ፣ ዘመድ አፈላልጎ በሁለተኛው ሳምንት ይገላገል ነበር። የሕዝብ ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው ግን አይናደድም። የማይናደድ ባለጉዳይ ደግሞ ለእኔ ቢጤው የመንግሥት ሠራተኛ ከኦዲተር የከፋ ነው።

የኔው ባለጉዳይ ክቡር ሊቀ ደብዳቤ መምህር ገብረ ኪዳን ይባላሉ። ማዕረጉን የሾምኳቸው እኔ ነኝ፤ ቤተ ክህነት አታውቀውም። እኔ አስናቀው እባላለሁ፤ ጎንደር ውስጥ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የበጀት ባለሙያ ነኝ። ወረቀት ወደኔ ይመጣል፣ አየዋለሁ፣ "አልተሟላም" ብዬ እመልሰዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህች አንዲት ቃል እንጀራዬን በልቻለሁ። ለመናገር ቀላል ናት፣ ለመጻፍም አጭር ናት፣ ተሳስታም አታውቅም፤ ያልጎደለው ወረቀት የት ይገኛል?

መምህር ገብረ ኪዳን አባታቸው እዚሁ ከተማ የዜማ መምህር ነበሩ። እሳቸውም በልጅነታቸው ዲቁና ተቀብለው ቀድሰዋል፤ ኋላ ግን ወደ ብረት ሥራ አዘነበሉና አዘዞ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት የእጅ ሥራ አስተማሩ። ሁለቱም ሙያ ደብዳቤያቸው ላይ አብሮ ይኖራል። "ለክቡርነትዎ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ፤ ጉዳዩ፦ የብየዳ ኤሌክትሮድ ስለ ማለቁ" ብለው ይጀምራሉ። በመሀል አንድ መሥመር ግእዝ ጣል ያደርጋሉ። ሲጨርሱ "ከብዙ ትሕትና ጋር" ብለው ይፈርማሉ። የፊርማቸውን ርዝመት ያየ ሰው ግን ስለ ትሕትናው ትንሽ መጠራጠሩ አይቀርም።

ሁለት አባባል አላቸው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ሲባሉ "ስብሰባ ያልቃል" ይላሉ። ነገ ይምጡ፣ ከነገ ወዲያ ይምጡ፣ ከበዓሉ በኋላ ይምጡ ሲባሉ ደግሞ "ሸጋ። እጠብቃለሁ" ይላሉ። ይህችን "ሸጋ" ስሰማ በሬን እዘጋለሁ። የሚጮህ ሰው ሲደክመው ይሄዳል፤ "ሸጋ" ያለ ሰው ግን ምን ታደርገዋለህ?

ያልሸሸሁበት መንገድ የለም። በኋላ በር ብወጣ በኋላ በር ቆመው "እንደምን አደሩ አቶ አስናቀው፣ በዚህ በኩል ፀሐዩ ይሻላል" ይሉኛል። ስልኬን አጥፍቼ ስከፍተው የሚመጣው የመጀመሪያ መልእክት የሳቸው ነው። አንድ ጊዜ መዝገብ ቤት ውስጥ ከመደርደሪያ ጀርባ አርባ ደቂቃ ቆሜ የአሥራ ዘጠኝ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሰነዶች ሳነብ ቆየሁ። ስወጣ "ያነበቡትን ከወደዱት እኔም ጋ አንድ ጽሑፍ አለ" ብለው ክላሰራቸውን ዘረጉልኝ። ሐቁን ለመናገር በበዓልና በለቅሶ ቤት ግን ጉዳይ አያነሡም። የጎረቤቴ ለቅሶ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ቃል ስለ በጀት አልተነፈሱም። በአራተኛው ቀን ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሮዬ ደጃፍ ነበሩ።

በዚያ ላይ በርጩማቸው አለች። ኮሪደራችን ላይ ያሉት ሁለት ወንበሮች ለእንግዳ ናቸው፤ ባለጉዳይ ደግሞ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ሊቀ ደብዳቤ የራሳቸውን መቀመጫ ይዘው ይመጣሉ፤ የምትታጠፍ፣ አራት እግር ያላት፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባች የብረት በርጩማ። "ተማሪ የሠራት ናት" ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ይቀመጡባትና ገጽ በገለጡ ቁጥር ቀጭ፣ ቀጭ ትላለች። አንዷ እግሯ አጥራለች። ያቺ "ቀጭ" በግድግዳ በኩል ጆሮዬ ውስጥ ትገባ ነበር።

"መምህር፣ የተማሪዎችዎ በርጩማ እኮ ያነክሳል" አልኳቸው አንድ ቀን።

"እናየዋለን" አሉ፣ ዝቅ ብለው ሳያዩ።

እኔ ግን አየሁት፤ አይቼም አልቀረሁ፣ ለሰው ሁሉ አወራሁት። ለባልደረቦቼ "የሙያ ትምህርት ገንዘብ የት እንደሚገባ ማየት የፈለገ ኮሪደር ላይ ወጥቶ ይስማ" እላለሁ፤ ይስቃሉ። ቤቴም ገብቼ እራት ላይ ይህንኑ እደግማለሁ። ባለቤቴ ሲስተር ሰርካለም ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ፈገግ ትላለች። ልጄ አምሳል ፈገግም አትልም። እሷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አላለፈችም። እኛ ቤት ዩኒቨርሲቲ መግባት እንደ ክርስትና መነሣት ነው፤ ሁሉም ያደርገዋል ተብሎ የሚታሰብ ነገር ነው። ስለዚህ ውጤቱ የመጣ ሰሞን ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆኖ ነበር። ከዚያ ፒያሳ ኮምፒዩተር እማራለሁ ብላ መውጣትና መግባት ጀመረች። አንዳንድ ማታ ዓይኗ ቀልቶ፣ አብጦ ትመጣለች። እያለቀሰች ነው ብዬ አስባለሁ፤ ለሰውም "ልጄ በሐዘን ዓይኗ ሊጠፋ ነው" እላለሁ። የዓይን ጠብታ ገዝቼ ትራሷ ሥር አኖርኩላት።

አሁን የሊቀ ደብዳቤን ጉዳይ ልንገራችሁ። ክልሉ ለሙያ ትምህርት ድጋፍ መደበ፤ አንድ ማሰሪያ ግን አበጀለት። ገንዘቡ የሚለቀቀው አራት ወረዳዎች በጋራ እንሠራለን ብለው በአንድ ሰነድ ላይ አራት ማኅተም ሲያሳርፉ ነው። ለእያንዳንዱ ወረዳ ለብቻው ማሠልጠኛ መክፈት አይቻልማ። አሳቡ ትክክል ነው። አራት ወረዳ በአንድ ወረቀት ላይ ማስማማት ምን ማለት እንደሆነ ግን ደንቡን ያወጣው ሰው አላወቀም፤ ወይም አውቆ ነው።

የወረዳዎቹን ስም ብጠራ ሦስቱ ይቀየሙኛል፣ አራተኛው ይከሰኛል። ባላቸው ነገር ልጥራቸው። ማሽን ያለው ወረዳ ስድስት የብየዳ ማሽን ነበረው፤ መብራት ስለሌለው ከነካርቶናቸው መጋዘን ውስጥ አራት ዓመት ተቀምጠዋል። መብራት ያለው ወረዳ ትራንስፎርመር የተተከለለት ሰፊ አዳራሽ ነበረው፤ ማሽን ስለሌለው ይሰበሰብበት ነበር። መምህር ያለው ወረዳ ወንዴ የሚባል ጎበዝ የብየዳ አሠልጣኝ ነበረው፤ ማሽንም መብራትም ስለሌለው ብየዳን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ያስተምራል። በጠመኔ የማይበይደው ብረት አልነበረም። አራተኛው ልጅ ያለው ወረዳ ነው፤ ልጅ ብቻ። ፈተና ወድቀው ቤት የተቀመጡ፣ ግድግዳ ተደግፈው የሚውሉ፣ ወደ መተማ እንሂድ እያሉ እናታቸውን የሚያስጨንቁ ልጆች።

እነዚህን አራቱን ደምሮ አንድ ማሠልጠኛ ማድረግ ይቻላል ብሎ ያሰበ ሰው መምህር ገብረ ኪዳን ብቻ ነበሩ። ስድስት ጊዜ አሰባሰቧቸው። አንደኛው ስብሰባ የማን አርማ ከላይ ይሁን በሚል አለቀ። ሁለተኛው ንብረቴ ከግቢዬ አይወጣም በሚል። ሦስተኛው ምሳ ስለ ዘገየ። የተቀሩት ሦስቱ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ በማጽደቅ አለፉ። በሰባተኛው እኔም ታዛቢ ሆኜ ሄድኩ፤ ውሎ አበሉ ጥሩ ነበር።

ማሽን ያለው ወረዳ እንደ ልማዱ "ንብረቴ" ሲል ሊቀ ደብዳቤ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"ወገኖቼ፣ እዚህ ውስጥ ጽዋ ማኅበር የሌለው አለ?"

የሌለው አልተገኘም። አንዱ የሚካኤል፣ አንዱ የማርያም፣ አንዱ የመድኃኔ ዓለም ማኅበርተኛ ነው። እኔም የገብርኤል ጽዋ አለኝ።

"ጽዋው የማን ነው?"

"የማኅበሩ ነዋ" አሉ አያ አዳሙ። እሳቸው ልጅ ያለው ወረዳ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ስድስቱን ስብሰባ ሲያንቀላፉ ያሳለፉ ሽማግሌ።

"አያ አዳሙ፣ አንቱ ቤት የደረሰ ለት ጽዋው የኔ ነው ብለው አስቀርተው ያውቃሉ?"

"ምነው መምህር! ምን በወጣኝ!"

"ተረኛው ምን ያደርጋል?"

"ይደግሳል፣ ያበላል፣ ያጠጣል። ሲያበቃ ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባል።"

"ሸጋ። እንግዲህ የአዳራሹ ቁልፍ ጽዋችን ይሁን። ማሽኑም፣ መምህሩም፣ ልጆቹም መብራት ያለበት አዳራሽ ይግቡ። ቁልፉ በየወሩ ለአንዱ ወረዳ ይድረሰው። የደረሰው ጥበቃ ያቆማል፣ የልጆቹን ምሳ ይችላል። ወሩ ሲያልቅ ያስረክባል። ማሽኑን ማንም አልወሰደውም፤ የማኅበሩ ነው።"

በስድስት ስብሰባ ያልገባን የመግባቢያ ሰነድ በአሥር ደቂቃ ገባን። ንብረቴ ባዩ ሳይቀር "እንደሱማ ከሆነ" አለ። ሦስቱ ወረዳዎች በዚያው ሳምንት አተሙ። አራተኛው "እንመክርበታለን" አለ፤ ሥራው ግን ማኅተም ሳይጠብቅ ተጀመረ። ከአራቱም ወረዳና ከጎንደር ከተማ ስድሳ ሁለት ልጆች ገቡ።

ማኅበሩ ትንሽ አብዝቶ ገባን እንጂ። የመጀመሪያው ተራ የጥቅምት ወር ነበር፤ ልጅ ላለው ወረዳ ደረሰ። ቁልፉ በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ ድፎ ዳቦ ተቆርሶ፣ እልልታ ቀልጦ ለአያ አዳሙ ተሰጠ። አያ አዳሙ ተቀብለው፣ ስመው፣ ቤታቸው ወሰዱት። ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። ሳጥኑንም ቆለፉ። ጽዋ የሚቀመጠው እንዲያ ነዋ! ስድሳ ሁለት ልጆች አዳራሹ ደጃፍ አሥራ አንድ ቀን ጠበቁ። ወንዴም ጠመኔውን አውጥቶ የአዳራሹ በር ላይ ማስተማር ጀመረ።

ሊቀ ደብዳቤ ሰምተው ሄዱ።

"አያ አዳሙ፣ ቁልፉ ምነው?"

"በክብር ነው ያለው፣ መምህር" አሉ አያ አዳሙ ኮራ ብለው። "እጅ አላስነካሁትም።"

ይህ ተስተካከለ። ያልተስተካከለው ጳጉሜን ናት። አሥራ ሁለቱ ወር ለአራት ሲካፈል ሦስት ሦስት ይደርሳል፤ ጳጉሜን ትተርፋለች። ልጅ ያለው ወረዳ ኃላፊ ወይዘሮ ይርገዱ ሰነዱን አንብበው እዚህ ላይ ቆሙ። "ማሽን ያለው ማሽን አለው፣ መብራት ያለው መብራት አለው። እኛ ምን አለን? ጳጉሜን እንኳ ትሁነን። ካልተጻፈ አላትምም።" ሌሎቹ ሦስቱ ይህን ሲሰሙ ድንገት ጳጉሜን አማረቻቸው። ልብ በሉ፤ በጳጉሜን ትምህርት የለም፣ ዝናብ ነው፣ አዳራሹ ዝግ ነው። አራት ወረዳ ማንም በማይጠቀምባቸው አምስት ቀናት ላይ ስምንት ወር ተከራከረ።

ሰኔ ደረሰ። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የተማሩት ሊቀ ደብዳቤ ከዚህም ከዚያም በለመኑት ኤሌክትሮድ ነበር። አሁን ልመናውም አለቀ። አራተኛው ማኅተም እስከ ሰኔ ሠላሳ የሥራ ሰዓት ማብቂያ ጠረጴዛዬ ላይ ካልደረሰ ድጋፉ ወደ መጣበት ይመለሳል። ስድሳ ሁለቱ ልጆች ለብቃት ምዘና አይቀመጡም፤ ያለ ምዘና ደግሞ ማንም ቀጣሪ በያጅ ብሎ አይቀበላቸውም። አዳራሹም ተመልሶ የስብሰባ አዳራሽ ይሆናል።

ሰኔ ሠላሳ ጧት ቢሮ ገባሁ። ኮሪደሩ ባዶ ነው። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ "ቀጭ" የሚል የለም። በኋላ በር ወጣሁ፤ ማንም የለም። መዝገብ ቤት ሳይቀር አየሁ። ዓመት ሙሉ የጸለይኩበት ጸጥታ መጣና ሥራ መሥራት አቃተኝ። ስልኬ ሲጮህ ዘልዬ አነሣሁት፤ ሰርካለም ናት።

"ያንተ ሰውዬ እዚህ ተኝተዋል" አለች።

"የእኔ የምን ሰውዬ?"

"ሊቀ ደብዳቤ የምትላቸው። ትናንት አመሻሽ ላይ ከሚኒባስ ሲወርዱ ጭቃ አንሸራቷቸው እግራቸው ተሰብሯል። ቶሎ ና።"

ሄድኩ። መምህር ገብረ ኪዳን እግራቸው በጄሶ ታሽጎ፣ ክላሰሩ ደረታቸው ላይ፣ በርጩማዋ አልጋው ሥር ተኝተዋል። ራስጌያቸው ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ እጇ የጠቆረ ልጅ ውኃ ታጠጣቸዋለች። ዞር ስትል አምሳል ናት።

"አባዬ" አለች፤ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

"ኮምፒዩተር በቱታ ነው እንዴ የሚማሩት?" አልኩ።

ሰርካለም ከኋላዬ "የብየዳ ብርሃን የመታው ዓይን መሆኑን ጥቅምት ላይ ነው ያወቅኩት" አለች። "ነርስ እኮ ነኝ፣ አስናቀው።"

"እና ለእኔ ማን ይንገረኝ?"

"'ልጄ በያጅ ናት' ብለህ ለሰው ለመናገር ታፍራለህ ብዬ ነው" አለች አምሳል።

አላፍርም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ዘወር ብዬ መምህሩን አየሁ።

"እርስዎ ልጄ መሆኗን ያውቁ ነበር?"

"ከተመዘገበች ጀምሮ። የአባት ስም ይሞላል እኮ።"

"ዓመት ሙሉ ደጄ ላይ ሲቀመጡ አንድ ቀን ምነው አልነገሩኝም? ብሰማ ኖሮ…"

"ቢሰሙ ኖሮ ለሷ ብለው ይሯሯጡ ነበር" አሉ፣ በቀስታ። "እኔ የመጣሁት ለስድሳ ሁለት ልጆች ነው። ሰውን በልጁ ይዤ ማስፈጸም አልፈለግኩም። ደግሞ የሷ ምስጢር ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?"

እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን አላስታውስም። ይህ ሰው ያልያዘብኝ መንገድ የለም ብዬ ነበር፤ በር ይይዛል፣ ስልክ ይይዛል፣ ደረጃ ይይዛል። ለካ እጁ ላይ የነበረውን፣ ከሁሉ የሚያቀልለትን፣ አንዴ እንኳ አልነካውም። ሦስት ማኅተም ያረፈበትን ሰነድ የያዘውን ክላሰር ከደረታቸው ላይ አነሣሁ፤ የቀረው የወይዘሮ ይርገዱ ማኅተም ነው።

"በርጩማዋንም ይያዟት፤ እዚያ መቀመጫ የለም" አሉኝ።

"የኔ ሥራ ናት" አለች አምሳል በርጩማዋን እየሰጠችኝ። "የመጀመሪያዬ። ለክቼ ነው የሠራኋት፤ አታነክስም።"

እራት ላይ ስንቴ እንደ ተሳለቅኩባት ትዝ አለኝ። አልተከራከርኳትም።

ሚኒባስ ያዝኩ። ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ጉም ወረደብን፤ በርጩማዋን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ክላሰሩን ካፖርቴ ውስጥ ሸሽጌ ተቀምጫለሁ። ለካ ካፖርቱ ለዚህ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ደረስኩ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ ሳታየኝ "ወይዘሮ ይርገዱ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሐምሌ አንድ ይምጡ" አለችኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት እኔ የሰጠሁት መልስ ነው። ከዚህ ወገን ሲሰሙት እንዲህ እንደሚቀዘቅዝ አላውቅም ነበር።

"ስብሰባ ያልቃል" አልኩ። በርጩማዋን ዘርግቼ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። ሁለተኛውን ገለጥኩ። የሆነ ነገር ጎደለኝና ጆሮዬን አቆምኩ። ወደ ቀኝ አጋደልኩ፣ ወደ ግራ አጋደልኩ፣ ተነሥቼ እንደገና ክብደቴን ጥዬ ተቀመጥኩባት። ድምፅ የለም። አራቱም እግሮቿ ሲሚንቶው ላይ ልክክ ብለው ቆመዋል። ለካ በርጩማዋ አልነበረችም የምታነክሰው፤ የእኛ መሥሪያ ቤት ወለል ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የተራመድኩበት ወለል። የልጄን ሥራ ዓመት ሙሉ በገዛ ወለላችን ጥፋት ስከስሳት ኖርኩ። እዚያው ኮሪደር ላይ፣ በማላውቀው ሰው ፊት ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጸሐፊዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ያስባል፤ ይህንንም ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። ቢሮ ውስጥ ሆኜ ስምንት ወር ያልታየኝ ነገር በአንድ ሰዓት ታየኝ። ስልኬን አውጥቼ ለሦስቱ ወረዳ ኃላፊዎች በየተራ ደወልኩ። ለሁሉም ያልኩት አንድ ነው፦ "ጳጉሜን ደመወዝ የላትም። እርስዎም እኔም በጳጉሜን በነፃ ነው የምንሠራው። የጳጉሜን ተረኛም ጥበቃውን ከኪሱ ነው የሚችለው፤ በጀት አይያዝለትም።" ከሦስቱ አንዱም አንድ ደቂቃ አልፈጀም። "እንደሱ ከሆነ እነሱ ይውሰዷታ!" አሉኝ፤ ማሽን ያለውማ ምርቃት ጨመረበት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወይዘሮ ይርገዱ ከስብሰባ ወጡ። በርጩማዋን ሲያዩ ቆም አሉ።

"ይቺ የመምህር ገብረ ኪዳን አይደለችም እንዴ? እሳቸውስ?"

ነገርኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡና አስገቡኝ። ጳጉሜን የነሱ እንደሆነች፣ ሦስቱም እንደተስማሙ ገለጽኩ። ከዚያ መደበቅ አላስቻለኝምና በጀት እንደሌላት ጭምር ተናገርኩ። ወይዘሮ ይርገዱ ሳቁ።

"አቶ አስናቀው፣ እኛ መቼ በበጀት ደግሰን እናውቃለን? ጳጉሜን የኛ ናት ተብሎ ይጻፍ እንጂ ድግሱን ለኛ ተዉት።"

እዚያው ጠረጴዛ ላይ አባሪ ቃለ ጉባኤ በእጄ ጻፍኩ። የሦስቱን ስምምነት በስልክ መቀበሌን፣ ኃላፊነቱንም እኔ መውሰዴን አስፍሬ ፈረምኩበት። እንዲህ ያለ ወረቀት ሌላ ሰው ቢያመጣልኝ ኖሮ ምን ብዬ እንደምመልሰው ታውቃላችሁ። ማኅተሙ አረፈ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ጎንደር ቢሮዬ ገብቼ በሰነዱ ጥግ ላይ "ተሟልቷል" ብዬ ጻፍኩ። እጄ አልለመደውምና ፊደሎቹ ትንሽ ተዛነፉ።

ወዲያው ሆስፒታል ደወልኩ። አምሳል ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው።

"ተሟልቷል፣ መምህር።"

"ሸጋ" አሉ፤ ይህኛውን "ሸጋ" ግን "እጠብቃለሁ" አልተከተለውም።

ሐምሌ ላይ ስድሳ ሁለቱም ለምዘና ተቀመጡ። ሃምሳ ስድስቱ አለፉ፤ ስድስቱ በድጋሚ ይፈተናሉ። አምሳል ካለፉት ውስጥ ናት፤ አሁን ፀዳ ላይ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የበርና የመስኮት ሥራ ጀምራለች። "ልጄ በያጅ ናት" ማለትን ሰው ሳይጠይቀኝ ለምጃለሁ፤ ባልደረቦቼ ሰለቸን ይላሉ። ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ልጅ ያለው ወረዳ ለቁልፉ ድግስ ደገሰ። አያ አዳሙ ቁልፉን ከነነጠላው አውጥተው "ዘንድሮ እጅ አስነክቼዋለሁ" ብለው ሲያስረክቡ መምህር ገብረ ኪዳን ክራንቻቸውን ተደግፈው አጨበጨቡ። ዓመት ሙሉ ሸሽቻቸዋለሁና እዚያው ሰው ፊት ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። በጄሶው በኩል ነበር፤ አልተሰማቸው ይሆናል። እዚህ የጻፍኩት ለዚህ ነው፦ አመሰግናለሁ፣ መምህር።

አሁን አንድ ጉዳይ ብቻ ቀርቶኛል። የኮሪደራችን ወለል እንዲስተካከል ለገዛ መሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ በመሀሉ አንድ መሥመር ግእዝ ጣል አድርጌበታለሁ። ዛሬ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የንብረት ክፍል ኃላፊው በር ላይ፣ በልጄ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው። በተነፈስኩ ቁጥር ቀጭ፣ ቀጭ ትላለች። አሁን ጸሐፊው ብቅ ብሎ ከበዓሉ በኋላ ይምጡ አለኝ።

ሸጋ። እጠብቃለሁ።